ባንዲራውን ላውርደው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። የጋዛው ጦርነት የተጀመረ ሰሞን የእስራኤልን ባንዲራ ፕሮፋይሌ ላይ አደረግሁ። «የሚባርኩህን እባርካለሁ» የሚለውን ቃል አስቤ ነው። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ሙስሊም ናት። ስወልድ ገንፎ ያገነፋችልኝ እሷ ናት። ልጇ ፎቶውን አይቶ ሰላምታ ነሣኝ። እሷም ቡና ላይ ዝም ማለት ጀመረች። የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ «እስራኤልን መደገፍ የክርስቲያን ግዴታ ነው፣ እንዳታወርጂው» ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ «ትንቢት ነው፣ እስከ ምጽአት አይታረቁም፤ አትድከሚ» ይላል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል? ባወርደውስ በምን ልተካው?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ባንዲራው ላይ አይደለም፣ ገንፎው ላይ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልለይልሽ። ስለ መጽሐፍ የምነግርሽ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ስለ መንግሥታትና ስለ ድንበር የምለው ግን የእኔ የአንድ ሰው አስተያየት ነው። ባትቀበይው ንስሓ አያስገባሽም።

ጓደኞችሽ የያዙት ቃል ዘፍጥረት 12፥3 ነው። እስከ መጨረሻው አንብቢው። «የምድር ነገዶችም ሁሉ በአንተ ይባረካሉ» ብሎ ነው የሚያልቀው። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ይህን ተስፋ ፈታው፤ ዘር የተባለው አንዱ ክርስቶስ ነው አለ። ቀጠለና የክርስቶስ የሆነ ሁሉ የአብርሃም ዘር ነው አለ። እንግዲህ የአብርሃም ልጅነትሽ ከጥምቀትሽ የመጣ ነው። ፕሮፋይልሽ የሚጨምርልሽ ነገር የለም።

በ1940 ዓ.ም የተመሠረተው የእስራኤል መንግሥት እንደ ሌላው መንግሥት ግብር ይሰበስባል፣ ምርጫ ያካሂዳል፣ ይዋጋል፣ ልክ ይሠራል፣ ይሳሳታልም። እሱን መተቸት እግዚአብሔርን መተቸት አይደለም። ንጉሥ ዳዊትን ናታን ፊት ለፊት ገሥጾታል። ኤርምያስ በነገሥታቱ ላይ ስለጮኸ ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሏል። ዛሬ ቢኖሩ ጓደኞችሽ ሁለቱንም «ፀረ እስራኤል» ብለው ብሎክ ያደርጓቸው ነበር።

«መንግሥቱን መደገፍ የእምነት ግዴታ ነው» የሚለው ትምህርት ከአባቶቻችን የወረስነው አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ፕሮቴስታንቶች ዘንድ ተስፋፋ። ወደ እኛ ሰፈር የገባው በሳተላይት ዲሽና በዩቲዩብ ነው። በትርጓሜ ጉባኤ ይህን የሚል መምህር እኔ አልገጠመኝም።

ታዲያ ከዚህ ተነሥተሽ ወደ ሌላኛው ገደል እንዳትወድቂ። «አይሁድ ጌታን ሰቅለዋልና የእጃቸውን ነው ያገኙት» የሚሉ ክርስቲያኖችን ሰምቻለሁ። እመቤታችን ከማን ወገን ናት? ሐዋርያትስ? ሮሜ 11 ላይ እኛ በወይራው ላይ የተጣበቅን የበረሃ ቅርንጫፎች መሆናችን ተነግሮናል። በተሰበሩት ላይ እንዳንኮራም ተከልክለናል።

በዚህ ነገር እኛ ኢትዮጵያውያን ራሳችን ንጹሕ አይደለንም። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችንን «ቡዳ» ብለናቸዋል። ርስት ነፍገናቸዋል። ቀጥቅጠው በሠሩልን ማረሻ እያረስን፣ ሴቶቻቸው በሠሩት ድስት እየበላን፣ ዓይናቸውን ግን ፈርተናል። አሁን እስራኤል ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ትውልደ ኢትዮጵያውያን አሉ። በዚህ ጦርነት ልጃቸውን ቀብረው በአማርኛ ያለቀሱ እናቶች አሉ። በ2006 ዓ.ም ማብቂያ አጥር ተሻግሮ ጋዛ የገባውና በሐማስ የተያዘው ቤተ እስራኤላዊ ወጣት የተለቀቀው የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም ነው። ከአሥር ዓመት በላይ መሆኑ ነው። የእሱ ቤተሰብ ስንት መስከረም እንደጠበቀ ቁጠሪው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ላንሣ። በአማርኛ «ፍልስጥኤም» እና «ፍልስጤም» አንድ ስለሚመስሉ የዛሬዎቹ ፍልስጤማውያን የጎልያድ ልጆች የሚመስሉት አለ። አይደሉም። የጥንቶቹ ፍልስጥኤማውያን በባሕሩ ዳር የኖሩ፣ ስማቸው ከጠፋ ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈው ሕዝብ ናቸው። የሮም ቄሣር ሐድርያን በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአይሁድን ዓመፅ ከደመሰሰ በኋላ ይሁዳ የሚለውን ስም ለማጥፋት ሲል አውራጃውን ከሶርያ ጋር አያይዞ በእነሱ ስም ጠራው። ስሙ ለምድሩ ቀረ፤ ከምድሩም ለነዋሪው ሆነ። ጎረቤትሽ አዝና የምታያቸው ሰዎች ዓረብኛ የሚናገሩ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች ናቸው። አዎ፣ ክርስቲያኖችም። ቤተ ልሔም፣ ቤት ሳሁር፣ ቤት ጃላ ብትሄጂ ከሐዋርያት ዘመን ጀምሮ ያልተቋረጠ ክርስትና ታገኛለሽ።

ደግሞ ጎልያዶች ቢሆኑስ? አሞጽ 9፥7ን ሁላችንም በቃላችን እንላታለን፤ «እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?» ደስ ትለናለች፣ ሸሚዝ ላይ ሳይቀር እናትማታለን። እኔም ለዓመታት እስከዚያ ድረስ ብቻ ነበር የማስተምራት። አንድ ቀን አንድ የአብነት ተማሪ «የኔታ፣ ይቀጥሉት እንጂ» አለኝ። ቀጠልሁ። እስራኤልን ከግብፅ ያወጣሁ እኔ፣ ፍልስጥኤማውያንን ከከፍቶር ያወጣሁም እኔ ነኝ ይላል እግዚአብሔር። ልጁ ፈገግ አለ፣ እኔ አፈርሁ። መዝሙረ ዳዊትም «እምነ ጽዮን ይብል ሰብእ» በምንለው ምዕራፍ፣ መዝሙር 86 ላይ፣ በጽዮን ተወለዱ ብሎ ከኢትዮጵያ ጋር በአንድ ትንፋሽ የሚጠራው ፍልስጥኤማውያንን ነው። በግእዙ «አሎፍሊ» ስለሚላቸው ደግመን ደጋግመን ስናዜመው ልብ አንለውም።

ስለ ጋዛ ልጨምር፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ታስታውሻለሽ። የህንደኬ ጃንደረባ ኢሳይያስን እያነበበ ሲመለስ ፊልጶስ ያገኘው በየትኛው መንገድ ነው? ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚያወርደው። የሀገራችን ስም ከጥምቀት ጋር መጀመሪያ የተገናኘው በዚያ መንገድ ላይ ነው። ሌላም አለ። ሃይማኖተ አበው ላይ የምናነበው፣ በተዋሕዶ የምንኮራበት ቅዱስ ሳዊሮስ ዘአንጾኪያ ፓትርያርክ ከመሆኑ በፊት የመነኰሰው ማዩማ፣ የጋዛ ወደብ አጠገብ ነው። ጋዛ ለእኛ የቴሌቪዥን ፍርስራሽ ብቻ አይደለችም፣ የአባቶቻችን ገዳም ናት።

በዚያች ከተማ በጳጳሷ በቅዱስ ፖርፊርዮስ ስም የተሠራ ጥንታዊ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጥቅምት 8 ቀን 2016 ዓ.ም ሰዎች ከቦምብ ሸሽተው ግቢው ውስጥ ተጠልለው ሳለ የእስራኤል አየር ድብደባ አንዱን ሕንፃ አፈረሰው። ከ15 በላይ ክርስቲያኖች ሞቱ። ባንዲራውን ያደረግሽ ሰሞን መሆኑ ነው። ልወቅስሽ ብዬ አይደለም፣ እንዳላወቅሽ አውቃለሁ።

የምንወደው ሰማዕቱ ጊዮርጊስ ዘልዳስ? ልዳ ዛሬ ሎድ ትባላለች፣ እስራኤል ውስጥ ናት። መቃብሩ ያለበት ቤተ ክርስቲያን ከመስጊድ ጋር ግድግዳ ይጋራል። እንደ አንቺና እንደ ጎረቤትሽ።

የባለቤትሽ ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። «ትንቢት ነው፣ አይታረቁም» ማለት ሃይማኖት ይመስላል እንጂ ስንፍና ነው። ጌታ ጦርነትና የጦርነት ወሬ ትሰማላችሁ አለ፤ ተቀምጣችሁ ተመልከቱ ግን አላለም። የሚያስተራርቁ ብፁዓን ናቸው ሲል በዚያው ምድር ተራራ ላይ ሆኖ ነው። ዳዊትም ለኢየሩሳሌም ሰላም ለምኑ ብሏል። የማይሆን ነገር ለምኑ አይባልም።

አብርሃም ሲሞት ማን ቀበረው? ዘፍጥረት 25፥9 ይስሐቅና እስማኤል አብረው ቀበሩት ይላል። በውርስ የተለያዩ፣ አንዱ ከነእናቱ የተባረረ ወንድማማቾች ለአባታቸው ቀብር ኬብሮን ተገናኙ። ያ መቃብር ዛሬ ተከፍሏል፤ ግማሹ ምኩራብ፣ ግማሹ መስጊድ። በ1986 ዓ.ም መስከረም ላይ ኦስሎ የተባለው የሰላም ስምምነት ሲፈረም የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ራቢንና የፍልስጤማውያኑ መሪ አራፋት ዋሽንግተን ላይ ተጨባበጡ። በየካቲት አንድ አይሁዳዊ ሰፋሪ እዚያው ኬብሮን ገብቶ ረመዳን ላይ የሚሰግዱ 29 ሙስሊሞችን ገደለ። ከዚያ የሐማስ አጥፍቶ ጠፊዎች አውቶቡስ ውስጥ ፈነዱ። ጥቅምት 1988 ዓ.ም ራቢንን የሰላም ሰልፍ ላይ የገደለው የገዛ ወገኑ አይሁዳዊ ነው። ሁሉም የፈጣሪን ስም ይጠሩ ነበር። የኦስሎን ስምምነት ያፈረሰው ይህ ብቻ ነው አልልም፤ የሰፈራ መንደሮች መስፋፋትም፣ የመሪዎች ማመንታትም አለ። ግን የሃይማኖት ሰው ይህን ሳይጠቅስ ባያልፍ ጥሩ ነው።

በሌላ በኩል የግብፁ ፕሬዚዳንት የነበረው ሳዳት አለ። በ1966 ዓ.ም ከእስራኤል ጋር ተዋጋ። በ1970 ኢየሩሳሌም ሄዶ ፓርላማቸው ውስጥ ተናገረ። ሕይወቱን ከፈለበት፤ የሰላም ውሉ ግን እስካሁን ቆሟል። ሳዳት ከአውሮፕላን ከመውረዱ ከአንድ ዓመት በፊት ብትጠይቂ ባለቤትሽ «አይሆንም» ይልሽ ነበር።

የራሴ አስተያየት ይህ ነው። በዚያች ምድር ወደ 7 ሚሊዮን አይሁድና ወደ 7 ሚሊዮን ፍልስጤማውያን አሉ። ማናቸውም አይለቁም፣ የሚሄዱበትም የለም። «አንዱ ይውጣ» ብሎ የሚጀምር ሐሳብ ሁሉ ሌላ ጦርነት ነው። ሁለቱም የየራሳቸው መንግሥትና የራሳቸው ደህንነት ቢኖራቸው እመርጣለሁ። ቶሎ ይሆናል ብዬ ግን አልጠብቅም። በመስከረም 2018 ዓ.ም መጨረሻ የተደረሰበትን የተኩስ አቁም ስሰማ እግዚአብሔር ይመስገን አልሁ፣ እልልታዬን ግን ያዝ አደረግሁት።

በሰዎቹ ለመፍረድም አንቸኩል። እኛና ግብፃውያን ኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን አንድ ሃይማኖት ነን፣ ቅዳሴያችንም የተዛመደ ነው። ኢየሩሳሌም ላይ፣ ጎልጎታ ጣራ ላይ ባለችው ዴር ሱልጣን ገዳም ግን ከ1962 ዓ.ም የትንሣኤ ሌሊት ጀምሮ በቁልፍ እንካሰሳለን። ጉዳዩ የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ዛሬም አልተቋጨም። ቦታዋ የእኛ ናት ብዬ አምናለሁ፤ እነሱም የእኛ ናት ብለው ያምናሉ። ለአንድ ጣራ ይህን ያህል ካስቸገረ፣ ለአንድ ሀገር ቢያስቸግር ምን ይገርማል?

ወደ አንቺ ልመለስ። ባንዲራ ማድረግ በራሱ ኃጢአት አይደለም። የተቸገርሽው ግን ባንዲራው የማትዪውን ነገር ስለሚናገርልሽ ነው። አንቺ «አብርሃም» ብለሽ ሰቀልሽው፤ የጎረቤትሽ ልጅ «ሕፃናቱ ይሙቱ» ብሎ አነበበው። ስለዚህ አውርጂው እልሻለሁ። የሌላኛውንም ወገን ባንዲራ እንዳትሰቅዪ።

ለቅሶ ስትደርሺ ምን ታደርጊያለሽ? ሬሳው ወጥቶ ሳያልቅ «ግን እኮ ልጃችሁ ያን ጊዜ» ብለሽ ትጀምሪያለሽ? ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ትቀመጫለሽ እንጂ። መስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም እስራኤል ውስጥ ወደ 1,200 ሰዎች በየቤታቸውና በጭፈራ ቦታ ተገደሉ፤ 251 ታገቱ። ከዚያ በኋላ ደግሞ እንደ ጋዛ ጤና ሚኒስቴር ቆጠራ እስከ ተኩስ አቁሙ ድረስ ብቻ በጋዛ ከ67 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል። ሰውን አልጋው ላይ መግደልና ማገት ኃጢአት ነው። ሕፃናትን በረሃብና በቦምብ መጨረስም ኃጢአት ነው። አንዱን ስትጠሪ ሌላውን ለማስቀረት አይሁን። ካህኑ «ሰላም ለኩልክሙ» ሲል «ለሁላችሁ» ማለቱ ነው።

ጸሎትሽ ላይ መዝሙር 121ን ጨምሪ፤ አጭር ናት። የሟች ፎቶና ቪዲዮ መላክ ግን ተዪ፤ ከየትኛውም ወገን ይምጣ። በየግሩፑ ከሚዞረው አንዳንዱ የሌላ ሀገር ጦርነት ነው።

ከዚያ ቡናውን አንቺ አፍዪና ጎረቤትሽን ጥሪያት። ስለ ጋዛ ንግግር አታዘጋጂ። «ልጅሽን አስቀይሜዋለሁ መሰለኝ፣ ያሰብሁት ሌላ ነበር» በያት፣ ይበቃል። ልጁን ለብቻው አናግሪው፤ ሲናደድ አታቋርጪው። እሱም በአይሁድ ሞት የሚደሰት ነገር ከተናገረ ግን ዝም አትበዪ። ስትወልጂ የገነፋውን ገንፎ የበላ ልጅ ስለሆነ ይሰማሻል።

በምን ልተካው ላልሽው፤ የራስሽን ፎቶ አድርጊበት። እኔም ማን እንደምትመስዪ ልይሽ።