አቤቱታ ማስገባት መክሰስ አይደለም፤ ይህን ለማወቅ መኪናዬን ከፍያለሁ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ስቴት ውስጥ ያገለገለ መኪና ገዝተሽ በ11ኛው ቀን ካምቢዮው እምቢ አለ። ሻጩ «ባለበት ሁኔታ ብለሽ ፈርመሻል»፣ ማለትም ከገዛሽ በኋላ የሚመጣው ብልሽት የራስሽ ነው፣ ብሎ ስልኩን ዘጋብሽ። የስቴቱ የሸማቾች ጥበቃ ኃላፊ ይህን ሰው አስገድዶ ገንዘቤን የማስመለስ ሥልጣን አለው ወይ ብለሽ ጠየቅሽ። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሦስት ሰዎች «አመልክቺና ተቀመጪ፣ ስቴቱ ልክ ያስገባዋል» ብለውሻል። እኔንም በ2022 እንዲሁ ብለው የመከሩኝ ወዳጆች ነበሩ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ክፋት አልነበረባቸውም። «ተቀመጪ» የምትለዋን ቃል ግን እባክሽ ከምክሩ አውጪያት።

ሥልጣኑ አለ፤ ትንሽም አይደለም። በሜሪላንድ ይህን ሥራ የሚሠራው በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሥር ያለው የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ነው። ነጋዴውን ሰነድ እንዲያቀርብና መጥቶ ቃሉን እንዲሰጥ በመጥሪያ ማስገደድ ይችላል። ራሱ የአስተዳደር ክስ መሥርቶ፣ ግራ ቀኙ ተሰምቶ፣ «ይህን ድርጊት አቁም፣ ከሸማቾች የወሰድከውንም መልስ» የሚል ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል። ፍርድ ቤት ሄዶም እግድ ማውጣት ይችላል። ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሰት እስከ 10,000 ዶላር፣ ለተደጋገመው ደግሞ ለእያንዳንዱ እስከ 25,000 ዶላር ይደርሳል። ሕጉን መጣስ በወንጀልም እስከ አንድ ዓመት እስራት ሊያስጠይቅ ይችላል። ይህን ሁሉ ሳነብ ልቤ በደስታ ሊወጣ ደረሰ። ያን ሻጭ በካቴና አስሬው ነበር፣ በሐሳቤ።

ያልገባኝ ነገር ይህ ሁሉ ጡንቻ የሕዝብ መሆኑ ነው። ቅጣቱ የሚገባው ወደ ስቴቱ ካዝና እንጂ ወደ አንቺ ኪስ አይደለም። ክፍሉ ያንቺ ጠበቃ አይደለም፤ ሆኖም አያውቅም። የአንድ ሰው አቤቱታ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፦ ያሸማግላል። አቤቱታሽን ለነጋዴው ይልክና «ምን ትላለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሽማግሌ እንደምታውቂው ካልታረቁ ከነጋቢው ተነስቶ ይሄዳል፤ ፖሊስ አያስከትልም። ነጋዴው «አልከፍልም» ካለ ሸምጋዩ ሊያስገድደው አይችልም። ማስገደድ የሚችሉት የሕግ ማስከበር ጠበቆቹ ናቸው፤ እነሱ የሚነሱት ደግሞ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነገር በብዙ ሰው ላይ ሲደጋገም ነው። ስለዚህ አቤቱታሽን አስገቢ፤ ያንቺ ወረቀት ከሌሎቹ ጋር ሲደመር ያን ሰው አንድ ቀን ሊያስጠይቀው ይችላል። የቤት ኪራይሽ ግን ያን ቀን አይጠብቅም።

አሁን ወደ ምክሩ። በቁጥር ልጻፍልሽ፣ እንዲቀልልሽ።

1. የመኪናሽን ዕድሜና የሄደውን ማይል ዛሬውኑ ተመልከቺ። የፈረምሽው «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል በሜሪላንድ የሚሠራው መኪናው ከ6 ዓመት በላይ ከሆነና ከ60,000 ማይል በላይ ከሄደ ብቻ ነው። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። የእኔ መኪና 71,000 ማይል ሄዳለች፤ ዕድሜዋ ግን 5 ዓመት ነበር። ስለዚህ ያ ሻጭ ጣቱን እየቀሰረ ያሳየኝ ፊርማዬ በሕግ ፊት ባዶ ወረቀት ነበር። ይህን ያወቅሁት ከሰባት ወር በኋላ ነው። ሰባት ወር ሙሉ «ምን ላድርግ፣ ፈርሜያለሁ» እያልኩ ራሴን ስረግም ከረምኩ።

2. «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ትችያለሽ» የሚሉሽን አትስሚ። የሦስት ቀኑ መብት ቤትሽ ድረስ መጥተው ለሚሸጡልሽ ነገር የወጣ የፌዴራል ደንብ ነው፤ ከሻጩ ግቢ ሄደሽ ለገዛሽው መኪና አይሠራም። «የደኅንነት ምርመራ አልፏል» የሚለውም እንዲሁ አያሞኝሽ። ምርመራው የሚያየው ፍሬንን፣ መሪን፣ ጎማን፣ መብራትንና የመሳሰሉትን ነው። ካምቢዮ ሊሞት ሲያጣጥር አይነግርሽም። የእኔን ሻጭ የመጀመሪያ መልስ አሁንም በቃሌ እደግመዋለሁ፤ «ምርመራ ያለፈ መኪና ነው የሸጥኩልህ» አለኝ። እኔም አመንኩት።

3. የት እንደምትሄጂ ሳታረጋግጪ ከቤት አትውጪ። አንድ የማውቀው ሰው «እዚያ ሂድ፣ እነሱ ናቸው» ብሎኝ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ፣ እንቅልፌን ትቼ፣ አንድ መስሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራውም። ሁለት ሰዓት ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ኋላ ያለችው ሴት ቀና እንኳን ሳትል «የተሳሳተ ቦታ ነው» አለችኝ። ትክክለኛው የት ነው ብላት «ኢንተርኔት ላይ አለ» አለችና የሚቀጥለውን ጠራች። የያዝኩትን ፋይል እንኳን አላየችውም። እናቴ ብትሆን ኖሮ «ልጄ፣ ተረግመሽ ነው ያደግሽው?» ትላት ነበር። እኔ አመስግኜ ወጣሁ። ለምን እንዳመሰገንኩ እስካሁን ይገርመኛል። ለማንኛውም፣ ለስቴቱ ክፍል የሚቀርበው አቤቱታ በኢንተርኔት ይሞላል፤ መሄድ አያስፈልግም። የምትኖሪው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከሆነ ካውንቲው የራሱ የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ አለው። ጉዳይሽ የኢንሹራንስ ወይም የመብራት ቢሆን ሌሎች ተቆጣጣሪዎች አሉ፤ መኪና ግን እዚሁ ነው።

4. ይህችን ቁጥር ብቻ ብታነቢ ይበቃኛል። የብድር ክፍያሽን አታቁሚ።

አቤቱታዬን ያስገባሁት በጥቅምት ነው። ተቀብለናል የሚል ደብዳቤ፣ ቁጥር ያለበት፣ መጣልኝ። ደብዳቤውን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት። ለሚስቴ «ስቴቱ ይዞታል» አልኳት። በወር 312 ዶላር እከፍል ነበር፤ መኪናዋ ደግሞ ከሦስተኛ ማርሽ በላይ አልገባ ብላ በር ላይ ቆማለች። ለማትንቀሳቀስ መኪና ምን ብዬ እከፍላለሁ? ጉዳዩ በሕግ ተይዟል፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ማንም አይነካኝም ብዬ አሰብኩ። በአገራችን ነገር በሕግ ከተያዘ ሁሉም ባለበት ይቆማል ብለን ነው ያደግነው። ኅዳርን ዘለልኩ፣ ታኅሣሥን ዘለልኩ፣ ጥርን ዘለልኩ። አበዳሪው ደብዳቤ ይጽፋል፤ እኔም ደብዳቤዎቹን ሳልከፍት መሳቢያ ውስጥ እከታለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ከሥራ ስመለስ መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ባዶ ነው። ተሰረቀች ብዬ ፖሊስ ጠራሁ። ፖሊሱ ታርጋውን አጣርቶ «አልተሰረቀችም፣ አበዳሪህ ነው ያስጎተታት» አለኝ። ጎረቤቶቼ በመስኮት እያዩኝ ነበር።

መኪናዋ በጨረታ በርካሽ ተሸጠች፤ ካምቢዮዋ የሞተ መኪና ማን በደህና ዋጋ ይገዛል? ከዕዳዬ ላይ ጎደለ የተባለው 4,600 ዶላር በእኔ ስም ተጻፈ። መኪናውም የለም፣ ዕዳው ግን አለ። ክሬዲቴ፣ ማለትም ዕዳ አከፋፈሌን የሚያሳየው ነጥብ፣ ወደቀ፤ በዚያው ዓመት አፓርታማ ልንቀይር ብንል ሁለት ቦታ ከለከሉን። ሚስቴ አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ ያ ከሁሉ የባሰ ነበር።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ መፍትሔው እጄ ላይ የነበረ መሆኑ ነው። ብድሩን ያገናኘሽ ሻጩ ራሱ ከሆነ የብድር ውልሽን ገልብጠሽ ተመልከቺ። በትልልቅ ፊደላት የተጻፈ ማስታወቂያ ታገኛለሽ። የፌዴራል ደንብ ነው ያስገባው፤ ውሉን የያዘ ማንኛውም አበዳሪ በሻጩ ላይ ያለሽን ቅሬታና መከላከያ ሁሉ አብሮ ይሸከማል ይላል። በአማርኛ ስንለው «ሻጩ አታልሎሻል ከተባለ አበዳሪው እኔ ምን አገባኝ ማለት አይችልም» ማለት ነው። በዚያ አንቀጽ ላይ ተመሥርቼ በጊዜው ለአበዳሪው በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ከጠበቃም ጋር ተመካክሬ ማድረግ ስችል፣ እኔ ዝም ብዬ ክፍያ አቆምኩ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ጠበቃ መክፈል ካልቻልሽ የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች በስልክ ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥ ማዕከል አላቸው። እኔ መኖሩን የሰማሁት በመጨረሻ ነው።

5. ወይም ስድስት፣ ቁጥሩ ጠፋኝ። የአቤቱታው እውነተኛ ጥቅም የት እንደሆነ ልንገርሽ፤ ይህን ማንም አልነገረኝም። ሸምጋይዋ በጣም ትሁት ሴት ነበረች። አቤቱታዬን ለሻጩ ላከችው፣ እሱም ሁለት ገጽ መልስ ጻፈ። አንድ ሳንቲም አልከፍልም ይላል በአጭሩ። ሸምጋይዋም ማስገደድ እንደማትችል ገልጻ፣ የመልሱን ቅጂ ልካልኝ፣ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ እንደምችል ጽፋ ፋይሉን ዘጋች። እኔ ያን ቀን ተሸነፍኩ ብዬ ተኛሁ። ከወራት በኋላ የአክስቴ ልጅ መልሱን አንብባ ብድግ አለች። ሰውዬው ብልጥ ነኝ ብሎ «ካምቢዮውን ከመሸጣችን በፊት በራሳችን ጋራዥ አስተካክለነዋል፣ ስለዚህ ጥፋቱ የአነዳዱ ነው» ብሎ ጽፏል። ለእኔ ሲሸጥልኝ ግን «ይህች መኪና መፍቻ ነክቷት አያውቅም» ነበር ያለኝ፤ ሚስቴም ሰምታለች። በሜሪላንድ ሕግ ገዢን የሚያሳስት ቁም ነገር ደብቆ መሸጥ ራሱ የማታለል ድርጊት ነው። ሰውዬው ማስረጃውን በገዛ እጁ ፈርሞ ሰጠኝ።

ሕጉ ለስቴቱ ብቻ ሳይሆን ለአንቺም በራስሽ የመክሰስ መብት ይሰጥሻል፤ ብታሸንፊ ፍርድ ቤቱ የጠበቃሽን ወጪ ጭምር ሊያስከፍለው ይችላል። እስከ 5,000 ዶላር ለሆነ ጥያቄ አነስተኛ ክርክሮች የሚታዩበት ችሎት አለ፤ ጠበቃ አያስፈልግም። ሻጩን ስትከሺ ከበሩ በላይ የተለጠፈውን ስም አትጻፊ። እኔ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያለውን ስም ጽፌ ሥራዬን ሁሉ እንደገና ጀምሬያለሁ። በስቴቱ መዝገብ የተመዘገበውን የድርጅት ስምና መጥሪያ የሚቀበልለትን ወኪል ፈልጊ። የካምቢዮውንም ጉዳት ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ መካኒክ አይቶ፣ የሚያስወጣውን ዋጋ ጽፎና ፈርሞ ይስጥሽ፤ የእኔ 3,400 ዶላር ይል ነበር። ከሻጩ ጋር በስልክ አታውሪ፤ የተነጋገራችሁት ሁሉ በጽሑፍ ይሁን።

የቀጠሮዬ ዕለት ሻጩ ፀጉሩን ተቀብቶ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። እኔ ፋይሌን በክፍል ከፋፍዬ፣ በባለ ቀለም ወረቀት ለይቼ ይዣለሁ። የራሱን ደብዳቤ ቅጂ ከላይ አድርጌ ስጠብቀው አየው። ዳኛው ከመግባታቸው በፊት ኮሪደር ላይ ጠራኝና «እንነጋገር» አለ። ያ በስልክ ሲጮኽብኝ የነበረ ሰው ድምፁ ወርዷል። በ2,700 ዶላር ታረቅን፤ ቼኩን ሳላይ ግን አልፈረምኩም። ገንዘቡ የአበዳሪውን ዕዳ እንኳን አልሸፈነም። ቢሆንም በእንግሊዝኛዬ የሚስቁ ሰዎች ባሉበት አገር ያን ኮሪደር ብቻዬን ቆሜበታለሁ።

ብቻዬን ስል፣ አስተርጓሚ ነበረኝ። ፍርድ ቤቱ በነጻ ይመድብልሻል፤ ቅጹን ግን ከቀጠሮው ቢያንስ 30 ቀን ቀድመሽ አስገቢ። «እንግሊዝኛ እችላለሁ» ብለሽ አትተዪው። መኪና ለመግዛት የሚበቃ እንግሊዝኛ ስለ መኪና ለመከራከር አይበቃም።

ስለዚህ ጥያቄሽን ስመልስ፦ ዛሬ ማታ አቤቱታውን ለስቴቱ አስገቢ፣ ነገ መካኒክ ጋ ሂጂ፣ ለአበዳሪው በጽሑፍ አሳውቂ፣ ክፍያሽን ቀጥዪ፣ የሻጩ መልስ ሲመጣ ደግሞ እያንዳንዷን መስመር አንብቢ። የመኪናውን ዓመተ ምርትና ማይል አልጻፍሽም፤ እሱን ጻፊልኝ። የውሉን ጀርባ ስምሽንና ቁጥሮችሽን ሸፍነሽ ፎቶ አንስተሽ ብትለጥፊው ማስታወቂያው የቱ ጋ እንዳለ አሳይሻለሁ። ከሥራ የምወጣው ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ እመልስልሻለሁ።