በአሜሪካ ከባድ መኪና ለምትነዱ ወገኖቼ፦ ስለ ሲቢ ሬድዮ አተካከልና ጥገና

ስልኩና ጂፒኤሱ ይበቃናል ብላችሁ ሲቢ ሬድዮን፣ ማለትም ሾፌሮች በአጭር ርቀት እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ሬድዮ፣ ከናካቴው የተዋችሁ ወገኖች ብዙ ናችሁ። ሆኖም ከፊታችሁ ያለው መንገድ በአደጋ መዘጋቱን ቀድሞ የሚያውቀው ቦታውን አልፎ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣው ሾፌር ነው፤ እርሱም የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ በ19ኛው ቻናል ነው። ለመጠቀም የግል ፈቃድ ማውጣት አያስፈልግም። ለንግድ መኪና አሽከርካሪዎች ስልክ በእጅ ይዞ ማውራትን የሚከለክለው የፌዴራል ደንብም ሲቢን አይጨምርም፤ የየስቴቱን ሕግ ግን ለይቶ ማየት ይገባል።

ሬድዮ ከመግዛታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ፣ ሕጉ በኤኤም (በተለመደው የሲቢ የማሰራጫ ዘዴ) የሚፈቅደው የማሰራጫ ኃይል 4 ዋት ብቻ መሆኑን ነው። ውዱም ርካሹም በዚሁ ልክ የተገደበ በመሆኑ፣ ድምፃችሁ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚወስነው በአብዛኛው አንቴናውና የተተከለበት ቦታ ነው። በመብራት ላሸበረቀ ሬድዮ የምታወጡትን ገንዘብ ለጥሩ አንቴና፣ ለጠንካራ ማሰሪያና ለደህና ገመድ ብታውሉት እመርጣለሁ። ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ መኪኖች ከሾፌሩ ራስ በላይ ለሲቢ የሚሆን የ12 ቮልት መስመርና የአንቴና ገመድ ተዘርግቶላቸው ስለሚመጡ፣ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን አለማቀያየር ብቻ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚዘለው አንቴናውን ከሬድዮው ጋር የማስማማቱን ሥራ ነው። የኤስደብሊውአር (ከአንቴናው ወደ ሬድዮው ተመልሶ የሚመጣው ኃይል ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር) መለኪያ ዋጋው ትንሽ ነው፤ በሬድዮውና በአንቴናው ገመድ መካከል ይገባል። መኪናውን ከሕንፃና ከሌሎች መኪኖች አርቃችሁ፣ በሮቹን ዘግታችሁ፣ በ1ኛውና በ40ኛው ቻናል ለኩ። ንባቡ ከ1.5 በታች ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ እስከ 2 ድረስ ይሠራል፤ ከ3 በላይ ከሆነ ግን ማይኩን አትጫኑ፤ ምክንያቱም ተመልሶ የሚመጣው ኃይል የማሰራጫውን ትራንዚስተር (ኃይሉን የሚያጎለብተውን ክፍል) ሊያቃጥል ይችላል። በ40ኛው ከፍ ካለ አንቴናው ረዝሟል፤ በ1ኛው ከፍ ካለ አጥሯል። በሁሉም ቻናል ከ3 በላይ ከሆነ ግን ችግሩ ከርዝመቱ ሳይሆን ከተቆረጠ ገመድ ወይም ከግራውንዱ ሊሆን ይችላል፤ ማሰሪያው ቀለም ወይም ፕላስቲክ ላይ ካረፈ ከመኪናው ብረት ጋር አይገናኝምና።

ሬድዮው እየሰማ መናገር ከተሳነው ወደ ጠጋኝ ከመሮጣችሁ በፊት ከጓደኛ ማይክ ተውሳችሁ ሞክሩ፤ በየቀኑ የሚጎተተው የማይክ ገመድ ከውስጥ መበጠሱ የተለመደ ነው። በአንዳንድ ትራክ ስቶፖች የሚገኙ ጠጋኞች «ቱን» እናድርግልህ (እናስተካክልልህ) ብለው ኃይል እንጨምራለን ይላሉ። ከዚህ ብትጠነቀቁ ይሻላል፤ ድምፅን የሚገድበውን ክፍል ማውጣትና ማጉያ መጨመር ሕግን ከመጣስ አልፎ፣ ድምፃችሁን አደፍርሶ የጎረቤት ቻናሎችን ይረብሻል። ይልቅ ለጥገና ስትሰጡ፣ ተበላሽቶ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ እንዲያሳዩአችሁና ኃይሉን በመለኪያ ፊታችሁ እንዲለኩ ጠይቁ።

የማሰራጫው ትራንዚስተር የተቀየረለት ሬድዮ ከሆነ ደግሞ፣ መኪናው ላይ መልሳችሁ እንደገጠማችሁት ከማንም ጋር ሳታወሩ ኤስደብሊውአሩን እንደገና ለኩ፤ የመጀመሪያውን ያቃጠለው አንቴናው ከሆነ አዲሱንም አይምርም።