ሊብሬውን ተወው፣ የኋላ ወንበሩን አንሳ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ከአራት ዓመት በፊት የነበርኩበትን ያየሁ መሰለኝ። ሊብሬው 1967 (በፈረንጅ) የሚል ቮልስ፣ የሞተ ሞተሪኖ (ቁልፍ ስትጠመዝዝ ሞተሩን የሚያስነሳው)፣ «ይሄ ዕቃ መመረት ካቆመ ቆየ» የሚል የወኪል መልስ፤ ከዚያም «አሮጌ ወኪሎቹን ብዞር አገኛለሁ ወይስ ጊዜዬን ነው የምፈጀው?» ታገኛለህ። እኔ አግኝቻለሁ፤ ግን አንዴ ከስሬ ነው።

1. ቁጥር ሳትይዝ ከቤት አትውጣ። «የቮልስ ሞተሪኖ አላችሁ?» ብለህ ከጠየቅክ መልሱ «የለም» ነው። የቮልስ ዕቃ ቁጥር ሦስት ሦስት ተደርጎ የሚነበብ 9 አኃዝ ነው። የመጀመሪያው ሦስት ለየትኛው ሞዴል እንደተሠራ ይናገራል፤ 111 እና 113 የኛ ናቸው፣ 211 የኮምቢ (የቮልስ ሚኒባሱ)። መካከለኛው የዕቃው ዘር ነው። በ6 ከጀመረ ጎማና ፍሬን፣ በ8 ቦዲ፣ በ9 ኤሌክትሪክ። ሞተሪኖ 911 ውስጥ ታገኘዋለህ። ጫፉ ላይ ፊደል ካለ ዕቃው ተሻሽሏል ማለት ስለሆነ ፊደሏን እንዳትዘልላት። ሞተሪኖው ላይ የቦሽ ቁጥር ከተነበበልህ እሱንም ገልብጥ፤ ቮልስ ነድቶ የማያውቅ የቦሽ ዕቃ ሻጭ በሱ ብቻ ሊያወጣልህ ይችላል።

2. ኩሽኔት (የሚሽከረከር ዘንግ የሚይዘው የብረት ቀለበት) ፍለጋ ወኪል ቤት አትንከራተት። አብዛኛው ኩሽኔት ቁጥሩ ቀለበቱ ላይ ተመትቷል። 6206 የሚል ካየህ ውስጡ 30፣ ውጩ 62፣ ውፍረቱ 16 ሚሊሜትር ነው፣ መኪናው ምንም ይሁን ምን። ኦይል ሲልም (ዘይት እንዳይፈስ የሚያፍነው ቀለበት) በልኩ ይገኛል።

3. ሊብሬ አትመን። እዚህ ላይ ታገሰኝ፣ ገንዘቤ የፈሰሰው እዚህ ነው።

የሄድኩበት ቤት ድሮ የቮልስ ወኪል የነበረ፣ ዛሬ ሌላ መኪና የሚሸጥ ነው። ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «እሱን ሙዚየም ይጠይቁ» አለኝ፤ ጓደኛውም ሳቀ። ሁለተኛ ቀን «ኃላፊው የለም»፣ ሦስተኛ ቀን «ሲስተም ላይ አይታይም»። እንዴት ይታይ! ዕቃው ገና ኮምፒውተር ሳይገባ ከመዝገብ የተሰረዘ ነው። ተናድጄ ስወጣ ሰማያዊ ጋዋን የለበሱ አንድ ሽማግሌ ከግምጃ ቤቱ በር ላይ ጠሩኝ። «ቁጥሩን አሳየኝ እስቲ፣ ልጄ።» ወስደውኝ የእንጨት መሳቢያ ሳቡ፤ በእርሳስ የተጻፈ ካርድ ጢም ብሎ ሞልቶበታል። ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ ገለጡና አንዷ ላይ ቆሙ።

«ስድስት ነው አሥራ ሁለት?»

«ጋሼ፣ የ67 ነው። አሥራ ሁለት ነው።»

በልበ ሙሉነት ነው ያልኩት። ቮልስ ከኦገስት 1966 ጀምሮ፣ ማለትም ከ1967 ሞዴል፣ አብዛኛውን ከ6 ወደ 12 ቮልት እንዳዛወረ አንብቤአለሁ (ርካሹ ሞዴል፣ 1200 የሚሉት፣ ከዚያም በኋላ በ6 ቀጥሏል)። ደግሞ የኔ መኪና ባትሪው 12 ነው፣ ዲናሞው 12 ነው፣ አምፖሉ 12 ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ልፈልግ?

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «የሻንሲውን ቁጥር ይዘሃል?» ሊብሬውን ዘረጋሁላቸው። ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው መሰላል ላይ ወጡ። ካርቶኑ ሲከፈት የግራሶ ሽታ ወጣ፤ ሞተሪኖው በቅባት ወረቀት እንደተጠቀለለ፣ ጥርሱ አንድም ጭረት የለበት። የሁለት ወር ቁጠባዬን ቆጥሬ ሰጠሁ። ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም ተመታ።

ቤት ወስጄ ገጠምኩት። ቡሎኖቹ ልክ ገቡ። የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ ግን ካምቢዮው ላይ ባለው ቡሽንግ (ዘንጉን የሚይዘው ቀለበት) ውስጥ ወዝወዝ ይላል። አየሁት፣ ዝም አልኩ። ያቺን ዝምታ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። ቁልፍ ስጠመዝዝ የወጣው ድምፅ ብረት በብረት ሲፋጭ ነው፤ ጎረቤት ወጥቶ አየኝ።

ፈትቼ በቀዳዳው በኩል የቮላኖውን፣ ሞተሪኖው ነክሶ የሚያዞረውን የትልቁን ክብ ብረት፣ ጥርስ አየሁ። አንዷን በጠመኔ ምልክት አደረግኩ፤ ወንድሜ የዲናሞውን ዳዶ በ21 ቁልፍ እያዞረልኝ ቆጠርኩ። 109። አላመንኩም፣ እንደገና ቆጠርኩ። 109። የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ ነው። ከኔ በፊት የነበረው ሰው ኤሌክትሪኩን ወደ 12 ቀይሮ ቮላኖውንና ሞተሪኖውን እንዳለ ትቶታል። የድሮው ሞተሪኖ በእጥፍ ቮልት እየተገረፈ ነው የተቃጠለው።

ያኔ ነው የኋላ ወንበሩን ያነሳሁት። የሻንሲ ቁጥሩ ከወንበሩ ሥር መሃል ላይ ባለው ቱቦ ላይ ተመትቷል። ከኦገስት 1964 ወዲህ የተሠራ ከሆነ ሦስተኛዋ አኃዝ የሞዴል ዓመቷን ትናገራለች። የኔ በ116 ይጀምራል። የ1966 መኪና ነው፣ የተመዘገበው በ1967። ሊብሬው አልዋሸም፤ እኔ ነኝ ያልጠየቅኩትን ያነበብኩበት።

ካርቶኑን ይዤ ተመለስኩ። ኃላፊ ተብዬው ደረሰኙን በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካ «ማንበብ አይችሉም?» አለኝ። ለ30 ምናምን ዓመት አቧራ ሲጠጣ የኖረ፣ ከመዝገባቸው የተሰረዘ ዕቃ እኮ ነው! ሽማግሌው ግን ምንም ሳይሉ መሰላሉን ወጥተው ባለ 6ቱን አወረዱልኝ። እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያስነሳኝ፤ በ12 ቮልት ስለሚሠራ ቁልፉን አጭር አጭር አድርጌ ነው የምነካው። «ቮላኖውን ወደ 130 ቀይረው» የሚሉህ አሉ፤ የካምቢዮው ቤት ከውስጥ መፋቅ ሊኖርበት ስለሚችል እኔ አልነካሁትም።

ጎማ ነክ ነገር ግን ከአሮጌ መደርደሪያ አትግዛ፣ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ ቢሆንም። የፍሬን ሲሊንደር አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጎማው ውስጡ ደርቆ በሳምንቱ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። የድሮ የፍሬን ሸራና የፍሪሲዮን ዲስክም አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ብናኙን በኮምፕሬሰር አትንፋው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።

አሁን ወንበሩን አንሳና ሦስተኛዋን አኃዝ ጻፍልኝ። 7 ብትሆንም ጥርሱን ቁጠር፣ ሞተር ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። 130 ከመጣልህ ባለ 12ቱ ሞተሪኖ ከነካርቶኑ አልጋዬ ሥር አለ። ጥርሱ ጫፍ ላይ ትንሽ ተጭሯል፣ እሱን እኔ ነኝ።