ጉዞውን ከማታው ጀምራችሁ አስቡት

ልጆቼ፣

እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው ባቡር 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ተዘርግቶለት ለገሃርን ከጂቡቲ ወደብ ያገናኝ ነበር። ዛሬ ለገሃርና ስታዲየም አካባቢ ሆናችሁ ባሕርን ለምትመኙ፣ በጂቡቲ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ አንድ ቀን በሸራ ጀልባ ሄዶ ማታ መልህቅ ጥሎ ማደር ምን እንደሚጠይቅ ልንገራችሁ።

የጀማሪ ልብ ሸራው ላይ ነው። ጉዞ የሚታቀደው ግን ከማደሪያው ተነስቶ ወደ ኋላ ነው። እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው። ውሃ ውስጥ ያለውን ኮራል (እንደ ድንጋይ ጠንካራ ሆኖ የሚያድገውን የባሕር ፍጥረት) ለማየት ደግሞ ፀሐይ ከፍ ብላ ከጀርባችሁ መሆን አለባት። ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ ከሄዳችሁ ውሃው እንደ መስተዋት ያንጸባርቅባችኋል፤ ኮራሉን የምታውቁት ስትመቱት ነው። ስለዚህ ቢዘገይ 9 ሰዓት ላይ ድረሱ። በሰዓት 5 ኖቲካል ማይል (የባሕር ማይል) ለምትሄድ ጀልባ 20 የባሕር ማይል የ4 ሰዓት መንገድ ነው። ነፋሱ ከፊት ከመጣ ግን ግራና ቀኝ እየተመላለሳችሁ ስለምትወጡ ቢያንስ ግማሽ ያህል ጨምሩበት፤ 6 ሰዓት ይሆናል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ብትነሱ 2 ሰዓት መጠባበቂያ ይተርፋችኋል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሸራው ላይ የሚያርፈው ኃይል አራት እጥፍ ስለሚሆን ሸራውን ሳይከብዳችሁ አሳጥሩት።

በምታድሩበት ወሽመጥ (ባሕሩ ወደ የብስ በገባበት ጥግ) ውስጥ አሸዋ ወይም ጭቃ ፈልጉ። ሣር መልህቁን ያንሸራትተዋል፣ ድንጋይ ይይዝና አለቅም ይላል። ኮራል ላይ ፈጽሞ አትጣሉ፤ ብዙ ዘመን የፈጀውን ዕድገት ሰንሰለት በአንድ ሌሊት ይፈጨዋል።

አሁን ሒሳቡ። መልህቅ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ሰንሰለቱ መሬት ላይ ተኝቶ አግድም ሲስበው ነው ጠልቆ የሚቀበረው። ወደ ላይ ከተሳበ ይነቀላል። ጥልቀቱ 4 ሜትር፣ የጀልባዋ አፍንጫ ከውሃው በላይ 1 ሜትር፣ የባሕሩ ሙላት የሚጨምረው 1 ሜትር ቢሆን፣ ድምሩ 6 ነው። በ5 አባዙት፤ 30 ሜትር ሰንሰለት። አብዛኛው ገመድ ከሆነ በ7 አባዙት። ብዙዎች የሚሳሳቱት አፍንጫውንና ሙላቱን ረስተው 4ን ብቻ ሲያባዙ ነው።

አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራችሁ አቁሟት። መልህቁን ወርውራችሁ ሰንሰለቱን ከላዩ አትከምሩበት፤ እንዳይጠላለፍ መሬት እስኪነካ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ነፋሱ ወደ ኋላ ሲወስዳት ሰንሰለቱን እየለቀቃችሁ ተከተሏት። ሲያልቅ ሞተሩን በቀስታ ወደ ኋላ አስነሱ፣ ጥቂት በጥቂት ጨምሩ፣ አንድ ደቂቃ ያዙት። በጎን በኩል አንድ ዛፍና ከኋላው ያለ ቋጥኝ በአንድ መስመር አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ ከተለያዩ መልህቁ እየተጎተተ ነው። እጃችሁን ሰንሰለቱ ላይ አድርጉ፤ ሲጎተት ይንቀጠቀጣል። ያኔ ሳትታክቱ አንስታችሁ እንደገና ጣሉ። ከያዘ በኋላ ከ5 እስከ 10 ሜትር የናይለን ገመድ አንዱን ጫፍ በመንጠቆ ሰንሰለቱ ላይ፣ ሌላውን ጀልባዋ ላይ አያይዙና ጭነቱን ለእርሱ ስጡት፤ ስለሚለጠጥ ድንገተኛ ምትን ይቀበላል።

ቀን የተረጋጋ ወሽመጥ ማታ ይለወጣል። መሬቱ ሲቀዘቅዝ ነፋሱ ከተራራው ወደ ባሕር ይወርዳል፣ ጀልባዋም ዞራ ወደ ሌላ አቅጣጫ ትተኛለች። 10 ሜትር የምትረዝም ጀልባ 30 ሜትር ሰንሰለት ይዛ በዙሪያዋ 40 ሜትር ያህል ባዶ ውሃ ያስፈልጋታል፤ በሁሉም አቅጣጫ። ከዙሪያው ሁሉ የሚታይ ነጭ መብራት አብሩ፤ በቀን ጥቁር ኳስ ከፊት ስቀሉ።

የሰንሰለቱን ሒሳብ እቤታችሁ በወረቀት፣ ገመድ የምታስሩበትን ቋጠሮ ደግሞ በ2 ሜትር ገመድ የጠረጴዛ እግር ላይ ተለማመዱ። በጨለማ ዓይን ጨፍናችሁም መቻል አለባችሁ፤ መልህቅ የሚጎተተው ብዙ ጊዜ በእንቅልፍ ሰዓት ነው። ቦታ ካለ መጀመሪያ ሰንሰለት ጨምሩ። ከሌለ ሞተር አስነስታችሁ፣ መልህቁን አንሱና ውጡ። ለዚህም ከመተኛታችሁ በፊት፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ከወሽመጡ የሚያስወጣውን የኮምፓስ አቅጣጫ በወረቀት ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉት።