ዘመድ ፍለጋ ለመሄድ ላሰባችሁ ልጆች

ልጆቼ እንደምን ናችሁ። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፣ የልደትና የጋብቻ መዝገብ፣ የመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝር፣ የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ምናምን ስጠብቅና ለፈለገው ሰው ሳወጣ ነው የኖርኩት፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ደግሞ ወጣቶች ከእናት አባታቸው ጋር ሆነው የቅድመ አያቶቻቸውን አገር ለማየት፣ አይተዋቸው የማያውቁትን ዘመዶች ለማግኘት ሲነሱ ስሰማ ከልቤ ደስ ይለኛል። ግን አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ፣ ይሄን የምጽፍላችሁም በሱ ምክንያት ነው።

ሰዎች እዛ ይደርሱና ያለቻቸውን ጥቂት ቀን መዝገብ ቤት ወረፋ ላይ ይጨርሷታል። አባትየው ፋይል ሲያገላብጥ፣ ልጆቹ ኮሪደር ላይ ስልክ ሲነካኩ፣ ዘመድ የተባሉት ሽማግሌ ደግሞ ቤታቸው ቁጭ ብለው በር በሩን ሲያዩ ይውላሉ፣ ከዛ በመጨረሻው ቀን ለአንድ ሰዓት ብቅ ብሎ ፎቶ ተነስቶ ወደ ኤርፖርት መሮጥ ነው። ስንት ጊዜ አየሁት መሰላችሁ። እኔ የምላችሁ ግልባጩን ነው፣ የወረቀቱን ሥራ የምትችሉትን ያህል ከመሄዳችሁ በፊት ጨርሱት፣ እዛ ስትደርሱ ጊዜያችሁ ለሰው ይሁን።

ከየት እንጀምር ካላችሁ ከቤታችሁ ነዋ። በቤተሰቡ ውስጥ አሁን በሕይወት ካሉት በዕድሜ ትልቁ ማን ናቸው? እሳቸው ጋ ደውሉ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት። ፈቃድ ጠይቃችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። ሙሉ ስም ብቻ አይደለም የሚጠየቀው፣ ሰው በሰፈር ሲጠራበት የነበረውን ቅጽል ስም፣ የትውልድ ቦታውን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያለውን ትልቅ ከተማ፣ ሥራው ምን እንደነበር፣ ከማን ጋር አብሮ እንደተሰደደ፣ ሃይማኖቱንም ጠይቁ። ሃይማኖት ለምን መሰላችሁ፣ መንግሥት ልደትና ሞት መመዝገብ የጀመረው በብዙ አገር ቅርብ ጊዜ ነው። ፈረንሳይ በ1792፣ እንግሊዝና ዌልስ በ1837 ነው የጀመሩት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ)። ከዛ በፊት መዝጋቢው የሃይማኖት ተቋም ነበር፣ እንግሊዝ ውስጥ እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግብ በ1538 ታዘዘ፣ የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ደግሞ በ1563 በትሬንት ጉባኤ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ በየአጥቢያው እንዲያዝ ወሰነች። ስለዚህ የየትኛው እምነት ሰው እንደነበሩ ካላወቃችሁ የትኛውን በር እንደምታንኳኩም አታውቁም።

ኦንላይን ብዙ ነገር አለ አሁን፣ እኛ በወጣትነታችን ያላገኘነው። ፋሚሊሰርች የሚባለው የሞርሞን ቤተክርስቲያን ሳይት በነፃ ነው፣ መዝገቦችን በማይክሮፊልም (ሰነድ በጣም አሳንሶ በሚያነሳ ፊልም) ማንሳት የጀመሩት በ1938 ነው፣ 2.4 ሚሊዮን ገደማ የሚሆን ጥቅል ፊልም ወደ ዲጂታል ቀይረው የጨረሱት በ2021። ግን እዛ ላይ ሌላ ሰው የሠራውን የዘር ሐረግ ዝም ብላችሁ ኮፒ አታድርጉ እባካችሁ፣ የመዝገቡን ምስል ራሱን ክፈቱና በዓይናችሁ እዩት። የቆጠራ ቅጾችም ወዲያው አይከፈቱም፣ አሜሪካ ከ72 ዓመት በኋላ ነው የምትለቀው፣ የ1950ው በ2022 ነው የወጣው፣ ለእንግሊዝና ዌልስ ደግሞ መቶ ዓመት ይጠበቃል።

ስም ላይ አትድረቁ። ያኔ ጸሐፊው እንደሰማው ነው የሚጽፈው፣ አንድ ሰው በሦስት መዝገብ ላይ በሦስት ዓይነት ፊደል ሊጻፍ ይችላል፣ እና "ይሄ የኛ አይደለም፣ አንድ ፊደል ይለያል" ብሎ የራሱን አያት ትቶ የሚሄድ ሰው ሞልቷል። "ስማችንን ኤሊስ አይላንድ ላይ ቀየሩብን" የሚባል ወሬም አለ፣ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ይነገራል። ኤሊስ አይላንድ አሜሪካ ውስጥ ኒውዮርክ ወደብ ላይ ያለ፣ ከ1892 እስከ 1954 ከ12 ሚሊዮን በላይ ስደተኛ ያስተናገደ ቦታ ነው፣ ግን እዛ የነበሩት መርማሪዎች የሚሠሩት መርከቡ ይዞ በመጣው ዝርዝር ላይ ነበር፣ ዝርዝሩ ደግሞ የሚዘጋጀው መነሻው ወደብ ላይ ነው። ስሙን ብዙ ጊዜ የቀየረው ሰውዬው ራሱ ነው፣ ቆይቶ፣ ሥራ ሲፈልግ ወይ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ። ይሄን ማወቅ ጥቅሙ የድሮውን ስም የት እንደምትፈልጉ ይነግራችኋል።

ቀንም እንደዛው ነው። እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመት የሚገባው በማርች 25 ነበር። እና አንዱ መዝገቡን ያይና ልጁ በፌብሯሪ 1710 ተወልዶ ወላጆቹ በኤፕሪል 1710 ተጋብተው ሲያገኝ "ሳይጋቡ ነው የወለዱት" ብሎ ለቤተሰቡ ያወራል። በዛን ጊዜ አቆጣጠር እኮ ኤፕሪል ከፌብሯሪ ይቀድማል፣ ሰዎቹ ከተጋቡ ከአስር ወር በኋላ ነው የወለዱት። የሞተ ሰው መልስ መስጠት አይችልም፣ ስለዚህ ስም ከማጥፋታችን በፊት ደግመን እንይ።

አንዳንዱ ደግሞ የለም፣ በቃ የለም። የአየርላንድ የመዝገብ ቤት በ1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ ሲቃጠል የስንት ዘመን ሰነድ አብሮ ሄደ፣ የአሜሪካ የ1890 ቆጠራ አብዛኛው በ1921 በደረሰ ቃጠሎ ምክንያት ጠፍቷል። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ያልተቃጠለው ነው። በአሜሪካ በ1850 እና በ1860 ቆጠራ በባርነት የነበሩ ሰዎች በባለቤት ተብዬው ስም ሥር ዕድሜያቸው፣ ጾታቸውና የቆዳ ቀለማቸው ነው የተጻፈው፣ ከጥቂቶች በቀር ስም የላቸውም። ነፃ የወጡት ሰዎች በየስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው። የነዚህ ሰዎች ልጆች እዛ ግድግዳ ላይ ሲደርሱ እንዲያለቅሱ መብታቸው ነው፣ ግን እንዲያቆሙ አልመክርም፣ ከባርነት ነፃ ለወጡ ሰዎች የተቋቋመውና ከ1865 እስከ 1874 የቆየው የፍሪድመንስ ባንክ አካውንት ሲከፍት የእናት አባት፣ የወንድም የእህት ስም ይጠይቅ ስለነበር ብዙ ቤተሰብ እዛ መዝገብ ውስጥ ተገናኝቷል።

ዲኤንኤ ምርመራን በተመለከተ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ልኩን እወቁ። ከአክስት ወይ ከአጎት ልጅ ጋር በአማካይ 12.5 በመቶ ዲኤንኤ ትጋራላችሁ፣ በቅድመ አያቶቻቸው ወላጆች በኩል የሚገናኙ ዘመዶች ዘንድ ስትደርሱ ግን አስር በመቶ ገደማ የሚሆኑት ምርመራው ላይ ምንም አይገናኙም፣ ዘመዶች ሆነው ሳለ። ስለዚህ "አልታየም" ማለት "ዘመዴ አይደለም" ማለት አይደለም። ደግሞ የምትሰጡት የራሳችሁን ብቻ ሳይሆን የወንድማችሁን፣ የልጃችሁንም መረጃ ነው። ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ የሚባለው ድርጅት በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መረጃ ወጥቶበታል፣ በማርች 2025 ደግሞ የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ቤተሰብ ተሰብስቦ ተነጋግሮ ይወስን እንጂ አንድ ሰው ብቻውን አያድርገው። ያልተጠበቀ ነገርም ሊወጣ ይችላል፣ አባት ያልሆነ አባት፣ ያልታወቀ እህት፣ እና እንዲህ ዓይነት ነገር ካገኛችሁ እባካችሁ ሰው በተሰበሰበበት አትዘርግፉት፣ ለሚመለከተው ሰው ብቻውን፣ በረጋ ሁኔታ ንገሩት።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ፣ ዋናው እሱ ነው።

በድንገት በር ላይ አትቁሙ። አስቀድማችሁ ጻፉ ወይ ደውሉ፣ ከቻላችሁ በሁለቱም ወገን የሚታወቅ ሰው ያስተዋውቃችሁ። ማን እንደሆናችሁ፣ በማን በኩል እንደምትገናኙ፣ ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡና መቼ እንደምትመለሱ በግልጽ ንገሯቸው። አንድ የማይነገር ነገር ደግሞ አለ፣ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ሲታይ ብዙ ቤተሰብ ውስጥ የመጀመሪያው ሐሳብ "ቤት ወይ መሬት ሊጠይቅ ነው የመጣው" የሚል ነው። መፍራታቸው አይፈረድባቸውም። እና ገና በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ውርስ ፈልጋችሁ እንዳልሆነ፣ ለማወቅና ለመተዋወቅ ብቻ እንደምትመጡ ጻፉላቸው፣ ይህቺ አንድ መስመር ስንት የተዘጋ በር ስትከፍት አይቻለሁ። እዛ ስትደርሱም ቤታቸውን ቪዲዮ እያነሳችሁ አትግቡ፣ ኑሯቸው ከናንተ ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፣ ሰው ቤቱ ሲቀረጽ የሚሰማውን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ጥያቄያችሁን በወረቀት ደርድራችሁ እንደ ፖሊስ አትጠይቁ። እኔ ከልጆቼና ከልጅ ልጆቼ ጋር ሆኜ የአያቴ የአጎት ልጅ የሆኑ በጣም ያረጁ እናት ጋ ሄደን ነበር። ልጄ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ "አባትዎ መቼ ነው የተወለዱት?" አላቸው፣ ዝም አሉ። "እናትዎስ?" ዝም። አንገታቸውን ደፍተው ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ፣ እንደማያውቅ ተማሪ ሆነው ማለት ነው፣ ሆዴ ተላወሰ። ከዛ የልጅ ልጄ አንድ የቆየ ፎቶ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው፣ አያቴ በወጣትነቱ ቆሞ የተነሳው ነው። ፊቱን አላዩትም፣ በቀጥታ ጣታቸውን ጫማው ላይ አድርገው "ይሄ ጫማ የሱ አይደለም" አሉ። የማን ነው ስንል "የወንድምየው ነዋ፣ ለፎቶ ተውሶት ነው፣ እሱ በኋላ በመርከብ ሄዶ ቀረ" አሉን። እኛ እኮ አያታችን ወንድም እንዳለው ሰምተን አናውቅም! ከዛ በኋላ ማን ያስቁማቸው፣ የወንድሙን ስም፣ ያገባትን ልጅ፣ የተጣሉበትን ነገር ሳይቀር ነገሩን፣ ዓመት አልጠሩም፣ "ትልቁ ጎርፍ ከመጣ በኋላ"፣ "እኔ ጥርሴን ስነቅል" እያሉ ነው የነገሩን፣ እና ልጄ ደብተሩን ዘግቶ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ነበር። ስንመለስ ቤት የነበረኝን የአያቴን የጋብቻ ሰነድ ቅጂ ደግሜ አየሁት፣ ምስክር ብሎ የፈረመው ሁለተኛው ሰው ያ ወንድምየው ነው። እዛው ወረቀት ላይ ነበር፣ ማን እንደሆነ የሚነግረን ሰው ነው የጠፋው።

ስለዚህ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፣ በስልክ ሳይሆን ታትሞ፣ ተለቅ ብሎ፣ የሽማግሌ ዓይን እንዲያየው። "መቼ" ከማለት "ያኔ ማን ማን ነበር እቤት ውስጥ?"፣ "ማን ነበር የሚያስቅ?" ብላችሁ ጠይቁ። ዝም ሲሉ ዝምታውን አትሙሉት፣ ትንሽ ጠብቁ። መናገር የማይፈልጉት ካለ ደግሞ ተዉት፣ ጦርነት ይሆናል፣ ረሃብ ይሆናል፣ የሞተ ልጅ ይሆናል፣ የሳቸው ነው። መዝገብ ስታዩም የምስክሮችን፣ የክርስትና አባትና እናት ስም፣ ዳር ላይ የተጫረውን ማስታወሻ ሁሉ ጻፉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዘመዶች ናቸው።

ከልጆችና ከአዛውንት ጋር ስትሄዱ ፕሮግራሙን አታጣብቡ፣ በቀን አንድ ቤት ይበቃል። ለልጆቹ ሥራ ስጧቸው፣ አንዱ ካርታ ይያዝ፣ አንዷ ፎቶ ታንሳ፣ አንዱ ስም ይጻፍ። መቃብር ቦታ ስትሄዱ ጽሑፉ እንዲታይ ብላችሁ ድንጋዩን በብረት ብሩሽም ሆነ በኬሚካል አትፈግፍጉት፣ ያረጀ ድንጋይ ይፈረፈራል፣ ጠመኔም አትቀቡት። ፀሐይ ከጎን ስትመታው ወይ በእጅ ባትሪ ከጎን እያበራችሁ ፎቶ አንሱት፣ የተቀረጸው ጥላ ይጥልና ይነበባል።

ስትመለሱ ነገሩ እንዳይበርድ ቶሎ ሥሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ያሉት እነማን እንደሆኑ፣ ማን እንደነገራችሁ፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ጻፉ፣ የድምፅ ቅጂውንም ቢያንስ ሁለት ቦታ ባክአፕ አድርጉ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጪ ይሁን። በሕይወት ያሉ ሰዎችን የልደት ቀንና አድራሻ ሕዝብ የሚያየው ሳይት ላይ አትጫኑ። እና ለነሱ ላኩላቸው፣ ያነሳችኋቸውን ፎቶ አትማችሁ፣ የሠራችሁትን የዘር ሐረግ በሚያነቡት ቋንቋ ጽፋችሁ፣ ካገኛችሁት ሰነድ ቅጂ ጨምራችሁ። ብዙ ሰው እዛ እያለ "እልክላችኋለሁ" ይልና ይረሳዋል፣ እነሱ ግን አይረሱትም። የስልክ ቁጥራቸውንም ከእናት አባታችሁ ስልክ ላይ ወደራሳችሁ ስልክ አስገቡት፣ ከዚህ በኋላ የምትደውሉት እናንተ ናችሁ።