የህብለ ሰረሰር ፊስቱላ፦ ሙጫ ወይስ ቀዶ ሕክምና?

እህቴ፣ የአጎትሽ ኤምአርአይ «ህብለ ሰረሰሩ አብጧል፣ ዱራል ፊስቱላ ይመስላል» ይላል ብለሻል። በብሽሽት በቱቦ ገብቶ ፊስቱላውን በሙጫ መድፈን ይሻላል ወይስ ቀዶ ሕክምና ነው ጥያቄሽ። እኔም ጅማ ነኝ፤ አባቴ በዚሁ በሽታ ታክመዋል።

በሽታው እንዲህ ነው። በህብለ ሰረሰሩ፣ ማለትም በጀርባ አጥንት ውስጥ ባለው የነርቭ ገመድ፣ ሽፋን ላይ አንድ ደም ቅዳ በቀጥታ ከደም መልስ ጋር ይገናኛል፤ ፊስቱላ የሚባለው ይህ ነው። ደሙ በግፊት ስለሚገባ ደም መልሱ ይጨናነቃል፣ ህብለ ሰረሰሩም ያብጣል። እግር የሚዝለው፣ ሽንት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። በብዛት ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶችን ይይዛል። በዚያ ዕድሜ ደግሞ ወገብ ከሆነ ዲስክ፣ ሽንት ከሆነ ፕሮስቴት ይባላል። አባቴም ሁለቱንም ተብለዋል። ከሄርማታ ሰፈር እስከ ቤት ድረስ በእግራቸው የሚመጡ ሰው፣ መሃል ላይ ካላረፉ መራመድ አቃታቸው።

ሙጫ ወይስ ቀዶ የሚለውን የሚወስነው አንጂዮግራፊ የሚባለው የደም ስር ምርመራ ነው። ቀጭን ቱቦ በብሽሽት አስገብተው፣ ወደ ጀርባ የሚሄዱትን ደም ቅዳዎች አንድ በአንድ ቀለም እየረጩ ያያሉ። ጊዜ ይወስዳል። ያኔ ሐኪሙን ይህን ጠይቂ፦ ፊስቱላውን የሚመግበው ቅርንጫፍ ህብለ ሰረሰሩንም ይመግባል ወይ? አዳምኪዊች የሚባለው ዋና ደም ቅዳ ከዚያው ቅርንጫፍ ከተነሳ ሙጫ አደገኛ ነው፤ እግርን ጭራሽ ሊያሽመደምድ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ይመረጣል። ካልሆነ ሙጫው ጥሩ ነው። ጀርባ አይከፈትም፣ ቶሎም ይነሳሉ። ግን ሙጫው የደም መልሱ መነሻ ድረስ መግባት አለበት። ደም ቅዳው ላይ ከቀረ ፊስቱላው ተመልሶ ይከፈታል። የአባቴ እዚያ ስላልደረሰ ቀዶ ሕክምና ተጨመረበት። የሚያጋጥም ነው፤ ማንንም አልወቅስም።

ለአጎትሽ ስቴሮይድ (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) መርፌ ሊሰጧቸው ካሰቡ መጀመሪያ ኤምአርአዩን አሳዩ። በዚህ በሽታ ድክመቱን ሊያባብሰው ይችላል።

«ቡናው ይሸጥና እንሄዳለን» ግን እንዳትሉ፣ እባክሽ። የቆየ ጉዳት ሁሉ አይመለስም። አብዛኛውን ጊዜ እግር ይሻሻላል፣ ሽንት ግን ያስቸግራል። አባቴ ዛሬ በምርኩዝ መስጊድ ደርሰው ይመለሳሉ፤ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

በሪፈር አዲስ አበባ ስትሄዱ የኤምአርአዩን ሲዲ ያዙ፤ ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም። የኩላሊት ምርመራም ይጠየቃል፣ ቀለሙ ኩላሊትን ስለሚነካ። ሽንታቸው ከቆመ ወይም እግራቸው ባንዴ ከከዳቸው ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። አሁን በራሳቸው ይሸናሉ ወይስ በቱቦ ነው?