መልስ፦ ኢንዶስኮፒው ንጹሕ ነው ተብሎ ጥቁር ሰገራው ካልቆመ

የአባትዎ የጨጓራ ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ የካሜራ ቱቦ የሚደረግ ምርመራ) «ንጹሕ ነው» መባሉ፣ የሐሞት ቱቦ ካንሰር እያለባቸው ጥቁር ሰገራ ከወጣቸውና ዓይናቸው ዳግም ቢጫ ከሆነ፣ ሰገራውን የሚያጠቁረው ደም ከሐሞት ቱቦው አይመጣም ማለት አይደለም። የተለመደው መሣሪያ ፊት ለፊት ስለሚያይ ሐሞት ወደ ትንሹ አንጀት የሚወርድበትን ቀዳዳ ሊስተው ይችላል። ስለዚህ በጎን በሚያይ መሣሪያ ስለሚሠራው ኢአርሲፒ (የሐሞት ቱቦን የሚመረምርና የሚያክም ኢንዶስኮፒ) ሐኪማቸውን ዛሬውኑ ይጠይቁ።

በዚያ ምርመራ ከቀዳዳው ደም ሲንጠባጠብ ወይም የረጋ ደም እንደ ትል ተንጠልጥሎ ሊታይ ይችላል። ሐኪሙ ቱቦውን የዘጋውን የረጋ ደም በሚነፋ ትንሽ ፊኛ ጠርጎ ያወጣና ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ የብረት ስቴንት (ቱቦውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቧንቧ) ያስገባል፤ ስቴንቱ ሲሰፋ የሚደማውን ዕጢ ተጭኖ ይይዘዋል፣ ሐሞቱም መንገድ ያገኛል። የሚደማው ደም ቅዳ (ደምን ከልብ የሚያወጣ የደም ሥር) ከሆነ ግን ይህ ላይበቃ ስለሚችል፣ በሲቲ አንጂዮግራፊ (የደም ሥሮችን በሚያሳይ የሲቲ ምርመራ) ተፈልጎ በቀጭን ቱቦ ከውስጥ እንዲዘጋ ይደረጋል።

በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት፣ ቤተሰብ ደሙን ሲከታተል ትኩሳቱን መዘንጋቱን ነው። ከቢጫነቱ ጋር የሚያንቀጠቅጥ ብርድና ትኩሳት ከመጣ የታገደው ሐሞት ኢንፌክሽን ይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው፤ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነም ካርቶኑን ይዘው ይሂዱ።